አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ)

ተስፋዬ ሣህሉ (ሰኔ 20 ቀን 1915 – ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም.)፣ በሕዝብ ዘንድ በሚታወቁበት ስም አባባ ተስፋዬ፣ ኢትዮጵያዊ የመድረክ ተዋናይ፣ ተረት ነጋሪና የቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም አቅራቢ ነበሩ። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትር ቡድንና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (በኋላ ብሔራዊ ቴአትር) ተውነዋል። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ደግሞ ከጣቢያው የመጀመሪያ ዘመን አንሥቶ ለ42 ዓመታት ያህል የልጆችን ጊዜ አቅርበዋል። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በተረት አባትነታቸው ነው። ይሁን እንጂ በቴሌቪዥን የታየው አቀራረባቸው የተቀረጸው ከዚያ በፊት በመድረክ ላይ ባሳለፏቸው ዓመታት ነው።

== የልጅነት ዘመን ==

ተስፋዬ ሣህሉ የተወለዱት በባሌ፣ ከዱ በሚባል ቦታ ነው። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። በመሆኑም ለአቅመ አዳም የደረሱት በጠላት ወረራ ዘመን ነው። አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ በአዲስ አበባ እንደገና ማቆጥቆጥ ከጀመረው የቴአትር ሥራ ጋር ተቀላቀሉ።

በዚያ ዘመን ትወና የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልነበረም። ወደ መድረክ የሚወጣ ሰው የሚመረጠው በድምፁ፣ በዘፈኑ፣ በጭፈራው፣ ሰው በማስመሰል ችሎታውና በድፍረቱ ነበር። አንድ ተዋናይ በአንድ ምሽት ይዘፍናል፣ መሣሪያ ይጫወታል፣ ቀልድ ያወራል፣ ከዚያም በተውኔቱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰው ሆኖ ይቀርባል። ተስፋዬ ሣህሉም ክራር ይጫወቱ፣ ይዘፍኑና የምትሃት ትርኢት ያሳዩ ነበር። እነዚህ ችሎታዎች ሁሉ በኋላ ለቴሌቪዥን ሥራቸው መሣሪያ ሆነዋል።

== የዘመኑ ቴአትር ==

የተስፋዬ ሣህሉን ሥራ ለመረዳት ቴአትር በኢትዮጵያ ከየት እንደተነሣ ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ተብሎ የሚጠቀሰው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች የተወሰደው ይህ ሥራ አውሬዎችን እያናገረ የመንግሥት ሹማምንትን ብልሹ አሠራር ይነቅፍ ነበር። በዚህም ምክንያት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የአገሪቱ ዘመናዊ ቴአትር የጀመረው በእንስሳት ተረት መሆኑ፣ ከዐሥርት ዓመታት በኋላም አንድ ተዋናይ በእንስሳት ተረት የአገር ሁሉ አባት ለመሆን መብቃቱ በቴአትር ታሪካችን ውስጥ ልብ የሚባል ግጥምጥም ነው።

ከዚያ በኋላ ዮፍታሔ ንጉሤን የመሰሉ ገጣሚያንና ፀሐፍተ ተውኔት ቅኔን፣ መዝሙርንና ተውኔትን አዋሕደው ለትምህርት ቤቶች መድረክ ጻፉ። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ በተቃረበበት ወቅት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ በንግግር፣ በዘፈንና በአጫጭር ትርኢቶች ሕዝቡን ለመከላከል ይቀሰቅስ ነበር። ከነጻነት በኋላ ሀገር ፍቅር ሥራውን ሲቀጥል፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የራሱን የቴአትርና የሙዚቃ ቡድን አደራጀ። ተስፋዬ ሣህሉ በተዋናይነት የታወቁት በዚህ በማዘጋጃ ቤቱ ቡድን ውስጥ ነው።

== ሴት ገጸ ባሕርያትን መጫወት ==

በነጻነት ማግስት በነበሩት ዓመታት ሴቶች ወደ መድረክ መውጣት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። አዝማሪነትም ሆነ ትወና በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የተናቀ ሥራ ስለነበረ፣ ልጁን ለቴአትር የሚፈቅድ ወላጅ ጥቂት ነበር። ስለዚህ በተውኔቱ ውስጥ ያሉትን ሚስት፣ እናት፣ እጮኛና አሮጊት የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ተስፋዬ ሣህሉ በተለይ ከታወቁባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አሥረው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው የሴት ገጸ ባሕርያትን ይጫወቱ ነበር።

ይህ ልማድ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በሼክስፒር ዘመን በእንግሊዝ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። በጃፓን የካቡኪ ቴአትርም ሴት ሆነው የሚጫወቱ ወንዶች ራሱን የቻለ የከበረ ሙያ አላቸው። ለተዋናዩ ግን ልዩ ፈተና ነው። ተመልካቹ እንዲስቅ ብቻ ከሆነ ቀሚስ መልበስ ይበቃል። ተመልካቹ እንዲያዝን፣ እንዲራራ ወይም እንዲፈራ ከሆነ ግን አረማመድ፣ የእጅ አጣጣል፣ የዓይን አጣጣል፣ የድምፅ ከፍታና ዝምታ ሁሉ መጠናት አለበት። ተስፋዬ ሣህሉ በኋላ በተረቶቻቸው ውስጥ በአንድ ትንፋሽ ከአሮጊት ወደ ሕፃን፣ ከጦጣ ወደ አንበሳ መሸጋገር የቻሉት በእንዲህ ያለ ሥራ ስላለፉ ነው።

አስናቀች ወርቁን የመሰሉ ቀደምት ሴት ተዋናዮች ወደ መድረክ ሲወጡ ይህ ልማድ ቀስ በቀስ ቀረ። ከዚያ በኋላ ተስፋዬ ሣህሉ በወንድ ገጸ ባሕርያት፣ በተለይም ልዩ ጠባይ ያላቸውን ሰዎች በመጫወት ቀጠሉ።

== የኮሪያ ጉዞ ==

የክብር ዘበኛ አባላት የነበሩበት የቃኘው ሻለቃ ጦር በተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር ለመዋጋት በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘመተ። በየተራ የዘመቱት ኢትዮጵያውያን ከ6,000 በላይ ሲሆኑ፣ 121 ተሠውተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አልነበረም። ከአገራቸው ርቀው ለነበሩት ለእነዚህ ወታደሮች ዘፈንና ትርኢት እንዲያቀርቡ ከተላኩት የኪነት ሰዎች መካከል ተስፋዬ ሣህሉ ይገኙበታል።

በጦር ሜዳ አጠገብ የሚቀርብ ትርኢት በአዳራሽ ከሚቀርበው ይለያል። መጋረጃ፣ የመድረክ መብራትና የተሟላ ቁሳቁስ የለም። ተዋናዩ ያለው ድምፁ፣ አካሉና ምናልባት አንድ ክራር ነው። ተመልካቹ የደከመና አገሩን የናፈቀ ሰው ስለሆነ፣ ትርኢቱ ወዲያው ካልያዘው ይተኛል ወይም ይበተናል። አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ብዙ ሰው የመሆን ችሎታ እንዲህ ባለው ቦታ ይፈተናል።

== በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ==

በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በአዲስ አበባ ተመረቀ። በመክፈቻው የቀረበው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የቴአትር ቤቱን ሥራ በመጀመሪያ ከመሩት ባለሙያዎች አንዱ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ናቸው። ከማዘጋጃ ቤቱ ቡድን የመጡ ተዋንያንና ሙዚቀኞች ለአዲሱ ቤት መሠረት ሆኑ። ተስፋዬ ሣህሉም ከእነዚህ አንዱ ነበሩ።

አዲሱ ቴአትር ቤት ለተዋንያኑ ብዙ ነገር ለወጠ። ሥራው ደመወዝ የሚከፈልበት ቋሚ ሙያ ሆነ። ሰፊው አዳራሽ ከኋላ ለተቀመጠው ተመልካች የሚደርስ ድምፅ ይጠይቅ ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደግሞ አዲስ የጸሐፍት ትውልድ መጣ። ፀጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን ተውኔቶች ወደ አማርኛ መለሱ፤ ከዚያም የተራውን ሰው ኑሮ የሚያሳዩ የራሳቸውን ተውኔቶች ጻፉ። መንግሥቱ ለማ፣ ተስፋዬ ገሠሠና ሌሎችም በውጭ አገር ያገኙትን ትምህርት ይዘው መድረኩን አበለጸጉ። በነገሥታትና በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች የተለመደው መድረክ የመንደር ሰዎችን፣ ሥራ አጦችን፣ ደላሎችንና ቤተ ዘመዶችን ማሳየት ጀመረ።

ተስፋዬ ሣህሉ ከተወኑባቸው ሥራዎች መካከል የሚከተሉት ይጠቀሳሉ፦

* «ኦቴሎ»፣ የሼክስፒር ተውኔት፣ በፀጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም፤
* «ሀ ሁ በስድስት ወር»፣ በፀጋዬ ገብረ መድኅን፣ በ1966ቱ አብዮት ዋዜማና ማግስት የነበረውን ውዥንብር የሚያሳይ፤
* «እናት ዓለም ጠኑ»፣ በፀጋዬ ገብረ መድኅን፣ ከጀርመናዊው ብሬሽት «እናት ኩራዥ» በመነሣት ለኢትዮጵያ የተዘጋጀ፤
* «አሉላ አባ ነጋ»፣ በማሞ ውድነህ፣ የራስ አሉላን ታሪክ መሠረት ያደረገ።

ዝርዝሩ እንደሚያሳየው ተስፋዬ ሣህሉ በአንድ ዓይነት ተውኔት ብቻ የተወሰኑ አልነበሩም። ከሼክስፒር መከራ እስከ አብዮቱ ዘመን ጭቅጭቅ፣ ከጦርነት ታሪክ እስከ ሕዝባዊ ቀልድ ድረስ ሠርተዋል። እንዲህ ያለ ተዋናይ የሚታወቀው በመልኩ ወይም በመሪ ገጸ ባሕርይነቱ አይደለም። የሚታወቀው በየተውኔቱ ሌላ ሰው መሆን በመቻሉ ነው።

== የልጆች ጊዜ ==

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ ሥርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም ነበር፤ በየቀኑ የሚተላለፍበትም ሰዓት አጭር ነበር። አዲሱ ጣቢያ የራሱ ተዋንያንና አቅራቢዎች ስላልነበሩት ሰዎችን ያገኘው ከሬዲዮና ከቴአትር ቤቶች ነው። ተስፋዬ ሣህሉ በዚሁ ዓመት የልጆችን ፕሮግራም ማቅረብ ጀመሩ። ያን ጊዜ የ41 ዓመት ሰው ነበሩ።

ፕሮግራሙ ቀላል አሠራር ነበረው። አባባ ተስፋዬ ልጆችን በዙሪያቸው ያስቀምጣሉ፤ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ስማቸውን ይጠይቃሉ፤ ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ ቀልድ ያወራሉ፣ እንቆቅልሽ ይጠይቃሉ። አንዳንድ ጊዜ እሳቸው ክራር ያነሣሉ ወይም የምትሃት ጨዋታ ያሳያሉ። ከሁሉ የሚጠበቀው ግን ተረቱ ነበር። ተረቱ ሲያልቅ «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» የሚል ትምህርት ይከተላል፦ ወላጅን ማክበር፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅ፣ መማር፣ ለደካማ ማዘን። ልጆችን የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች እያሉ መጥራታቸው የፕሮግራሙ መለያ ሆነ።

ሰላምታቸው በካሜራው በኩል በቤት ላሉት ልጆችም ነበር። በቤት ያሉ ልጆች ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ሰላምታውን ይመልሱ እንደነበር በዚያ ዘመን ያደጉ ሰዎች ደጋግመው ያስታውሳሉ። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የመድረክ ተዋናይ ለብዙ ሕዝብ ይናገራል። አባባ ተስፋዬ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ካሜራውን እንደ አንድ ልጅ ቆጥረው ይናገሩ ነበር። በትልቅ አዳራሽ የተማረ ተዋናይ ለትንሽ ስቱዲዮ ድምፁንና እንቅስቃሴውን መቀነስ መቻሉ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው።

«አባባ» የሚለው መጠሪያም የመጣው ከዚህ ግንኙነት ነው። በአማርኛ ልጅ ለአባቱ፣ ለአያቱ ወይም ለሚያከብረው ሽማግሌ የሚሰጠው ይህ መጠሪያ ቀስ በቀስ የስማቸው አካል ሆነ። በ1957 ዓ.ም. ልጅ የነበሩት አድገው ወላጅ ሲሆኑ፣ ልጆቻቸውም «አባባ ተስፋዬ» ብለው ጠሯቸው። ሦስተኛው ትውልድም እንዲሁ።

== የተረት አቀራረባቸው ==

=== ከምሽት እሳት ወደ ስቱዲዮ ===

የአማርኛ ተረት የራሱ ወግ አለው። ነጋሪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጮቹ «የላም በረት» ወይም «የመሠረት» ብለው ይመልሳሉ። ሲያልቅም ነጋሪው ተረቱን መልሶ አፉን በዳቦ እንዲያብሱለት ይጠይቃል። ይህ ጥሪና መልስ አድማጩ ዝም ብሎ ተቀባይ እንዳይሆን ያደርገዋል። ተረቱ የሁለቱም ሥራ ነው።

በብዙ የአገራችን ገጠር፣ ለምሳሌ ከጎንደር በስተሰሜን በደባርቅና በዳባት ዙሪያ ባሉት የሰሜን ተራሮች ግርጌ መንደሮች፣ ተረት የምሽት ነገር ነው። ቀን ሥራ አለ። ማታ ከብቱ ከገባ በኋላ በቀዝቃዛው ደጋ ሰው ሁሉ እሳት ዙሪያ ሲሰበሰብ አያት ወይም አጎት ይተርካሉ። በዚያ አካባቢ ያለ ልጅ ዝንጀሮን የሚያውቀው በተረት ብቻ አይደለም። የገብስ ማሳ ሲጠብቅ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን በድንጋይና በጩኸት ያባርራል። የጅብ ድምፅም በሌሊት ይሰማል። ስለዚህ ተረት ነጋሪው «ዝንጀሮ» ሲል አድማጩ የአካሄዱን፣ የጩኸቱንና የተንኮሉን ሥዕል ከራሱ ኑሮ ያመጣል።

በአዲስ አበባ ስቱዲዮ የተቀመጠ የከተማ ልጅ ግን ይህን ሥዕል ከራሱ ላያገኘው ይችላል። የአባባ ተስፋዬ ትወና የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጦጣዋን በቀጭን ድምፅና በተቁለጨለጨ ዓይን፣ አንበሳውን በወፍራም ድምፅና በተነፋ ደረት፣ ጅቡን በጎተተ አነጋገር እያሳዩ፣ በገጠር ኑሮው የሚሰጠውን በአካላቸውና በድምፃቸው ይሞሉታል። አልባሳትና ገጽ ቅብ ሳይኖር፣ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ሙሉ ተውኔት ብቻቸውን ይጫወቱ ነበር ማለት ይቻላል።

=== የትወናው ዘዴ ===

በአቀራረባቸው ውስጥ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታዩ ነበር።

'''ድምፅ።''' ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የተለየ ድምፅ ይሰጣሉ። አድማጩ «አለ» ወይም «አለች» የሚለውን ቃል ሳይጠብቅ ማን እንደሚናገር ያውቃል።

'''ዝምታ።''' አስፈሪው ወይም አስገራሚው ቦታ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ያቆማሉ። ልጆቹ ቀጥሎ የሚሆነውን ራሳቸው እንዲገምቱ ጊዜ ይሰጣሉ።

'''ጥያቄ።''' ተረቱን አቋርጠው ልጆቹን ይጠይቃሉ። የጥንቱ የ«ተረት ተረት» ጥሪና መልስ በዚህ መንገድ በቴሌቪዥን ውስጥ ቀጠለ።

ተረቶቻቸውን በመጽሐፍም አሳትመዋል። ቴሌቪዥን ባልደረሰበት ቦታ የነበሩ ልጆችና መምህራን በንባብ ሊያገኟቸው ችለዋል። ይሁንና ድምፁና የፊት ገጽታው የተረቱ ግማሽ ስለነበረ፣ መጽሐፉ ሊሰጥ የሚችለው ታሪኩን ብቻ ነው።

== ሦስት መንግሥታት፣ አንድ ፕሮግራም ==

የልጆች ጊዜ በዘውዱ ዘመን ተጀምሮ በደርግና በኢሕአዴግ ዘመን ቀጥሏል። በእነዚህ ዓመታት ቴአትር ቤቱ ስሙን ለወጠ፤ ተውኔቶች ተከለከሉ፤ ጸሐፍትና ተዋንያን ታሰሩ ወይም ተሰደዱ። የቴሌቪዥኑ ዜና ቋንቋ በየመንግሥቱ ተለዋወጠ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥርጭቱ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ተሸጋገረ፤ የሚደርስባቸው ከተሞችም ቀስ በቀስ በዙ። ከሩቅ ክፍለ አገር የመጡ ልጆችም በመጨረሻ አባባ ተስፋዬን ማየት ቻሉ። ቴሌቪዥን በየቤቱ ባልነበረበት በዚያ ጊዜ ያለው ጎረቤት ቤት መሰብሰብ የተለመደ ነበር።

በዚህ ሁሉ ለውጥ መካከል አንድ ሰው በአንድ ወንበር ላይ ለአራት ዐሥርት ዓመታት መቆየቱ ለብዙዎች የመረጋጋት ምልክት ነበር። ተረት ከፖለቲካ የራቀ መስሎ መታየቱ ፕሮግራሙን ሳይጠብቀው አልቀረም። በመጨረሻ ግን የፕሮግራሙ ማክተሚያ የሆነው ተረት ራሱ ነው።

== የፕሮግራሙ መቋረጥ ==

በ2006 እ.ኤ.አ. በፕሮግራሙ ላይ የተላለፈ አንድ ተረት አንድን ብሔረሰብ ዝቅ ያደርጋል የሚል ቅሬታ አስነሣ። ከዚህ በኋላ አባባ ተስፋዬ ከጣቢያው ተሰናበቱ። ለ42 ዓመታት የዘለቀው ሥራቸውም በዚሁ አበቃ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ80 አልፎ ነበር።

ጉዳዩ ከአንድ ሰው ስንብት የሰፋ ጥያቄ አለው። በአፍ የሚተላለፉ ተረቶችና ቀልዶች በየአካባቢው ሰው ሲነገሩ፣ ጎረቤት ስለ ጎረቤት፣ ደገኛ ስለ ቆለኛ፣ አንዱ ሕዝብ ስለ ሌላው የያዘውን ግምት ይዘው ይመጣሉ። በአንድ ቤት እሳት ዙሪያ ሲነገር ሳቅ ብቻ ሆኖ የሚያልፈው ነገር፣ በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ሲነገር የሚቀለድበት ሕዝብ ልጅም ይሰማዋል። በዚህ በኩል ቅሬታው መሠረት ነበረው። በሌላ በኩል ተረቱን ማረምና ተመልካቹን ይቅርታ መጠየቅ እያለ፣ የ42 ዓመት ሥራ በአንድ ተረት መዘጋቱ ተገቢ አልነበረም የሚሉ ብዙ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የቃል ተረቶችን ለልጆች ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሁሉ ይህን ጥያቄ መመለስ ይጠበቅበታል፦ የቱ ይነገር፣ የቱ ይታረም፣ የቱስ ለተመራማሪ መዝገብ ብቻ ይቀመጥ?

== ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር ==

የመድረክ ተዋናይ በቴሌቪዥን አንድ ሥራ ታውቆ የቀረው የሕይወቱ ሥራ መረሳቱ በሌላም አገር የታየ ነው። ስኮትላንዳዊው ፉልተን ማካይ (1922–1987 እ.ኤ.አ.) ከተስፋዬ ሣህሉ አንድ ዓመት ቀድሞ በፔይዝሊ ከተማ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ አገለገለ፤ በለንደን ትወና ተማረ፤ ከዚያም በግላስጎው ሲቲዝንስ ቴአትር ለዓመታት በልዩ ልዩ ገጸ ባሕርያት ተጫወተ። የብሪታንያ ሕዝብ ግን በዋነኛነት የሚያስታውሰው በቢቢሲ አስቂኝ ድራማ «ፖሪጅ» (1974–1977 እ.ኤ.አ.) ውስጥ በተጫወተው ጥብቅ የእስር ቤት ጠባቂ ነው። በኋላም በልጆች ፕሮግራም «ፍራግል ሮክ» የብሪታንያ ቅጂ የመብራት ማማ ጠባቂ ሆኖ ቀርቧል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። ማካይ በቴሌቪዥን የተጫወተው ሌላ ሰው የጻፈለትን ገጸ ባሕርይ ነው፤ ቀረጻውም ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይታያል። ተስፋዬ ሣህሉ ግን ገጸ ባሕርዩን የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ስሙም የራሳቸው ስም ነበር። ስለዚህ ተመልካቹ «አባባ ተስፋዬ» የሚባለው ሽማግሌ በትወና የተሠራ መሆኑን አላስተዋለም።

ተዋናይን በወንበር አስቀምጦ ለልጆች ማስተረት በብሪታንያም ተሞክሯል። የቢቢሲ «ጃካኖሪ» ከ1965 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. የቆየ ሲሆን፣ የታወቁ ተዋንያን እየተፈራረቁ ተረት ያነቡበት ነበር። ከእነሱ መካከል በርናርድ ክሪቢንስ ከ100 ጊዜ በላይ ቀርቧል። በአሜሪካ ደግሞ ፍሬድ ሮጀርስ ከ1968 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ካሜራውን እንደ አንድ ልጅ እያነጋገረ የልጆች ፕሮግራም አቅርቧል። የአባባ ተስፋዬ ሥራ ከሁለቱም ቀደም ብሎ የተጀመረና በዕድሜም የሚበልጥ ነው። ከጃካኖሪ የሚለየው ደግሞ ከመጽሐፍ የሚነበብ ሳይሆን በቃል የሚተረክ መሆኑ ነው።

== ኅልፈትና ትሩፋት ==

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። ዜናው በአገር ውስጥም በውጭም በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ታላቅ ሐዘን ፈጠረ፤ ብዙ ሰው የራሱን ልጅነት አብሮ አስታወሰ።

የእሳቸው ፕሮግራም ባበቃበት ጊዜ አካባቢ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለ፣ ፀሐይ በምትባል የቀጭኔ አሻንጉሊት የሚመራ የልጆች ፕሮግራም ተጀመረ። በኋላም ሌሎች ጣቢያዎች የየራሳቸውን የልጆች ፕሮግራም አቋቋሙ። አሻንጉሊት፣ ካርቱንና የኮምፒውተር ሥዕል አንድ ሽማግሌ በድምፁ ይሠራው የነበረውን ሥራ ተከፋፈሉት።

የተስፋዬ ሣህሉ የመድረክ ሥራ ግን እንደ ቴሌቪዥኑ አልታወሰም። ትወና መጋረጃው ሲዘጋ የሚያልፍ ጥበብ ነው፤ በተለይም ቀረጻ ባልተለመደበት በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠራው በተመልካቹ ትዝታ ብቻ ይኖራል፤ ያ ተመልካች ደግሞ አሁን ጥቂት ነው። ሴት ሆነው ያለቀሱበትን፣ በኮሪያ ወታደሮችን ያሳቁበትን፣ በ«ኦቴሎ» የቆሙበትን መድረክ ዛሬ ማየት አይቻልም። ከዚያ ሁሉ የተረፈው ሚሊዮኖች የሰሙት የጦጣና የአንበሳ ድምፅ ነው። የኢትዮጵያን ቴአትር ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ያንን ድምፅ እንደ ተረት ብቻ ሳይሆን፣ የአንድ ትውልድ ተዋንያን አሠራር እንደ ተረፈበት ማስረጃ ሊያዳምጠው ይገባል።

== የዘመን ቅደም ተከተል ==

* 1915 ዓ.ም. – በባሌ፣ ከዱ ተወለዱ።
* 1928–1933 ዓ.ም. – የኢጣልያ ወረራ ዘመን።
* ከ1933 ዓ.ም. በኋላ – በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትር ቡድን ትወና ጀመሩ፤ የሴት ገጸ ባሕርያትንም ተጫወቱ።
* 1940ዎቹ – ለቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ትርኢት ለማቅረብ ወደ ኮሪያ ተጓዙ።
* 1948 ዓ.ም. – የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ።
* 1957 ዓ.ም. – የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተጀመረ፤ የልጆችን ፕሮግራም ማቅረብ ጀመሩ።
* 2006 እ.ኤ.አ. – ከቴሌቪዥን ጣቢያው ተሰናበቱ።
* ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. – በ94 ዓመታቸው ዐረፉ።